ይመዝገብልኝ ያለው ሾፌር

መልከጼዴቅን የምወደውን ያህል የሚያበሳጨኝ ሰው የለም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ስለ እሱ የምነግራችሁ ነገር አንዴ ምስጋና አንዴ ስድብ ቢመስላችሁ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የሰውየው ነው። ሁለታችንም የኮልፋክስ መስመር አውቶቡስ ሾፌሮች ነን። ከዴንቨር መሀል ከተማ ተነስተን፣ ኢስት ኮልፋክስን ይዘን አውሮራ ጫፍ ድረስ እንሄዳለን፣ እንመለሳለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። እሱ ከፊት ነው፤ እኔ ከኋላው በሚቀጥለው አውቶቡስ። ሰው ሾፌርን የሚያደክመው መንገድ ይመስለዋል። መንገድ አያደክምም፤ ሰው ነው የሚያደክመው።

ስሙን አሜሪካኖቹ አሳጥረው «ሜል» ይሉታል፣ እኛ መልኬ እንለዋለን። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በጾም የምሳ ዕቃዬን ከፍቶ እያየ «ዛሬም ሽሮ ነው?» ይለኛል፤ እኔም እሁድ ሙሉ ቀን ሲዘምር ውሎ ሰኞ ድምፁ ተዘግቶ ሲመጣ እስቅበታለሁ። ሞንትቤሎ ውስጥ ትንሽ ቤት አለው። ሚስቱ ኑኃሚን ልጃቸውን ማቲን ትምህርት ቤት እያደረሰችና እየመለሰች በትርፍ ሰዓቷ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ማቲ ክፉ አስም አለበት፤ መድኃኒቱም ሐኪሙም የሚገኙት በአባቱ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

መልኬ ሲበዛ ደንብ አክባሪ ነው። ሲበዛ ስል ሲበዛ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ሃቫና ስትሪትን ሊያቋርጥ ሲል የአውቶቡሱ መስተዋት የዛፍ ቅርንጫፍ ነካ። ማንም አላየም፣ ዛፉም አልጮኸም። እሱ ግን አውቶቡሱን ዳር አስይዞ በሬዲዮ ጠራና አደጋ አድርሻለሁ አለ። ተቆጣጣሪው ከሌላ ሰፈር መጥቶ ጭረቱን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። በመጨረሻ ራሱ መልኬ መነጽሩን አውጥቶ፣ አጎንብሶ በጣቱ አሳየው። ተቆጣጣሪው እስካሁን ድረስ ይህን እያወራ ይስቃል። እኔ የዚያን ቀን አልሳቅኩም፤ እሱ ዛፍ ሲያሳይ የእሱን ተሳፋሪ ሁሉ ጭኜ የዋልኩት እኔ ነኛ።

ይህ ጠባይ ከአባቱ የመጣ ነው። አባቱ ነቀምቴ አቅራቢያ ወንጌላዊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ሌሎቹ አማኞች በየቤቱ ተከፋፍለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ቀጠሉ። የቀበሌው ሰዎችም ጎረቤቶቻቸው ነበሩና እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው ያልፏቸው ነበር። የመልኬ አባት ግን ቀበሌ ድረስ ሄደው «የፊታችን እሁድ እኔ ቤት እንሰበሰባለን፤ ተደብቀን መጸለይ አንፈልግም» ብለው ተናገሩ። እሁድ ዕለት መጥተው ወሰዷቸው። እሳቸውን ብቻ ወስደው ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እያወቁ ያልፏቸው የነበሩትን ቤቶች ሁሉ ይፈትሹ ጀመር። መልኬ ይህን ሲያወራኝ በአባቱ እንደሚኮራ ከፊቱ ያስታውቃል። እናቱ እሱንና እህቶቹን ብቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ ሲያወራ ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ቀን አውርቶልኝ አያውቅም።

አሁን ስለ ደንቡ ልንገራችሁ። አውቶቡስ መጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ተሳፋሪ ሁሉ ይወርዳል። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ያርፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከፍቶ አዲስ ጉዞ ይጀምራል። ሞኝ ደንብ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባችንን ተኝቶ የነበረ ተሳፋሪ በድንጋጤ ተነስቶ ጥርሱን አውልቆታል። በጠዋት ቢሮ ለማጽዳት የሚሄዱ ሴቶችም መቀመጫው ረጥቦ፣ አፍንጫቸውን ይዘው ቆመው የሄዱበት ቀን ብዙ ነው። በበረዶው ወራት ግን ይኸው ደንብ ሌላ ነገር ይሆናል። ሌሊቱን ውጭ ያደሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ይሳፈራሉ፤ የትም አይሄዱም፣ ሙቀቱን ፈልገው ነው። ጫፍ ደርሰው ሲወርዱ ነፋሱ ከሜዳው እየመጣ ይቀበላቸዋል። ፌርማታው ላይ ያለው የመስታወት መከለያ ከሦስት ጎኑ አንዱ ከተሰበረ ቆይቷል።

ስለዚህ እኛ ሾፌሮች ማንም ሳይሰበስበን አንድ ዘዴ ላይ ተስማምተን ነበር። ጫፍ ስንደርስ «ላስት ስቶፕ» እንላለን፣ ለራሳችን እንደምናወራ ያህል ቀስ ብለን። የሚወርደው ይወርዳል። ያልወረደውን አናይም። መብራቱን አጥፍተን ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን፣ ወይ ሽንት ቤት እንሄዳለን። ተቆጣጣሪዎቹም ያውቃሉ፤ አብዛኞቹ እኮ ራሳቸው ሾፌር ሆነው የጀመሩ ናቸው። እኔ ይህንን የማደርገው ጥሩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የተኛ ሽማግሌ ቀስቅሶ ወደ ብርድ ከማውጣት ስልክ መነካካት ስለሚቀል ነው።

ይህን የማያደርገው አንድ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። መልኬ ጫፍ ሲደርስ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እያንዳንዱን ትከሻውን ነክቶ «ሰር፣ ይቅርታ፣ መጨረሻችን ነው» ይላል። ሲወርዱ እጃቸውን ይይዛል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሾፌሮች ጨካኝ ነው ይሉት ነበር። እኔ ግን ከኋላ ስመጣ ያንን አቀማመጥ ስለማየው ጨካኝ ነው ለማለት አልደፍርም።

ከእነዚያ ከሚያወርዳቸው ሰዎች አንዱ ጋሽ ሃብተ ነበሩ። ጋሽ ሃብተ አስመራ ተወልደው በንጉሡ ዘመን በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። «አውቶቡሱን ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ስላቸው «አቁሜው መጣሁ በይ፣ ጓለይ» እያሉ ያርሙኛል። ጓለይ ልጄ ማለት ነው በትግርኛ። ዴንቨር ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ዛሬ ሃቫና ላይ ሱቅና ምግብ ቤት ካላቸው ሐበሾች ስንቱን መጀመሪያ በመጣ ቀን ከኤርፖርት አንስተው፣ ቤት እስኪያገኝ ሳሎናቸው አስተኝተውታል። ሚስታቸው ኣኽበረት ከሞቱ በኋላ ታክሲውም ገበያ አጣ፣ ቤቱም ሄደ፣ ለጥቂት ጊዜ የተኙበት መኪናም ተጎትቶ ተወሰደ። ዳላስ ያለችው ልጃቸው ኣዲያም አንድ ወዳጃቸው ቤት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ነበር የሚመስላት።

ውጭ እንደሚያድሩ ማንም አላወቀም ነበር። ማለቴ፣ እኔና መልኬ እናውቃለን፤ እሳቸው ግን የምናውቅ አልመሰላቸውም፣ እኛም አልነገርናቸውም። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ፣ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ይዘው ጠዋት ሲሳፈሩ ቢሮ የሚገቡ ነው የሚመስሉት። «ሥራ እንዴት ነው ጋሽ ሃብተ?» እላቸዋለሁ። «ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። መጠለያ የማይሄዱት እዚያ የሚሠራ ሐበሻ እንዳያያቸው ብለው ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ኮልፋክስ ላይም አለ፤ እንዲያውም እዚህ ይብሳል፣ ሁላችንም ተዋውቀናልና።

አንድ ጠዋት መልኬ እንደ ልማዱ ሁሉንም አወረደ፣ ጋሽ ሃብተንም ጭምር። የዚያን ቀን ብርድ ዓይን ያስለቅስ ነበር። የእረፍቱ ሰዓት አልቆ በሩን ሲከፍት እሳቸው የመሳፈሪያ ካርዳቸውን ሊያስነኩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ ካርዱ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፣ አልቻሉም። መልኬ አነሳላቸው። ጣታቸው እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ነበር። «ምንም አይደለም፤ ጓንቴን ቤት ረስቼው ነው» አሉት። ቤት ሲሉ መልኬ ምን እንደተሰማው አልነገረኝም።

መሀል ከተማ ጫፍ ላይ ደርሼ ስወርድ አውቶቡሴ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ብዙዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላወርዳቸውም» አለኝ።

«ተመስገን! እንኳን ደህና መጣህ። በቃ መብራቱን ኦፍ አድርግና ወደ ኋላ አትይ።»

«እንደዛ አይደለም። ዲስፓች ኮል አድርጌ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አላወርዳቸውም ብዬ ነዋ። ይሄ የማውረድ ሩል ልክ አይደለም ካልኩ ልክ አይደለም ብዬ እናገራለሁ፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። ዝም ብዬ ባደርገው ግን ያው መስረቅ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ማንም ሳይጠይቅህ? ሁላችንም እኮ እናደርገዋለን! ሱፐርቫይዘሮቹም ያውቃሉ! አፍህን ዝጋና ሰዎቹን አሙቃቸው!»

«ነገ ሌላ ሱፐርቫይዘር ቢመጣስ? የእናንተ ደግነት እኮ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ነው የቆመው። ሩሉ ነው መቀየር ያለበት።»

የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። ልክ ነበር። ልክ የሆነ ሰው ደግሞ ምን ይባላል? ወደ አውቶቡሴ ገብቼ በሩን በኃይል ዘጋሁበት።

በማግስቱ ያደረገውን የነገረችኝ ዲስፓች ቢሮ ሆና የሾፌሮችን የሬዲዮ ጥሪ የምትቀበለው ሴትዮ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ሁላችንንም በድምፃችን ታውቀናለች። መልኬ ጫፍ ደርሶ ደወለላት። አውቶቡሴ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፣ ደንቡን አውቃለሁ፣ ግን አላወርዳቸውም አላት።

«ሜል፣ አልሰማሁህም፤ መስመሩ ይቆራረጣል» አለችው።

«መስመሩ ደህና ነው። ልድገምልሽ።»

«እባክህ አትድገምልኝ።»

ደገመላት።

«ሜል፣ የምታወራው እየተቀዳ ነው። የምለው ገብቶሃል? አሁን ሬዲዮውን አስቀምጥና ቡናህን ጠጣ።»

«ገብቶኛል። ይመዝገብልኝ» አላት።

በሥራ ዘመኗ አንድን ሰው ዝም በልልኝ ብላ እንደዚያ ለምና እንደማታውቅ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከተመዘገበ በኋላ እሷም ቢሆን ልትተወው አትችልም።

መልኬ በዚያው ሳምንት ጉዳዩ እስኪታይ ከሥራ ታገደ። ለእኛ ደግሞ መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ ሾፌር ሁሉ ጫፍ ላይ አውቶቡሱን እስከ ኋላ ሄዶ ይፈትሻል፤ ካሜራው ይታያል፤ በሁለቱም ጫፍ ተቆጣጣሪ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በየትኛውም ሥራ ቤት እንዲሁ ነው፤ አለቃ ያልሰማውን ይተዋል፣ በጽሑፍ የደረሰውን ግን ሊተው አይችልም። ስለዚህ ስንት የበረዶ ወራት እያወቅን ያለፍናቸውን ሰዎች ሁላችንም ማውረድ ጀመርን። እኔም አወረድኩ። ትከሻ መንካት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዷ ሴት ብርድ ልብሷን እየጎተተች ስትወርድ «አንቺ ደግ ነሽ ብዬ ነበር» አለችኝ። በመልኬ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ምናልባት በበጋው ይረሳ ነበር። መልኬ በሬዲዮ የተናገረ ጠዋት ግን ዮርዲ ገና ሳትወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች። ዮርዲ የመልኬ ቤተ ክርስቲያን መዘምር ናት፣ እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ። ክፉ ልጅ አይደለችም። በስልኳ ቀርጻ «ይህ የእኛ ሾፌር ነው» ብላ ለቀቀችው። ቪዲዮው ላይ መልኬ ሬዲዮውን ይዞ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከኋላው ባለው መቀመጫ ላይ ደግሞ ጋሽ ሃብተ ይታያሉ፤ ጭንቅላታቸው መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ተኝተው። ሃቫና ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ አየው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ወጣቶች ወረቀት ላይ መፈክር ጽፈው ጫፉ ፌርማታ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ ጠዋት የእኔ አውቶቡስ ፊት አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፤ ዮርዲ መሀላቸው ነበረች። ከኋላዬ ተሳፋሪዎቼ ሥራ ሊረፍድባቸው ነው። ሆቴል የምታጸዳ አንዲት የሜክሲኮ ሴት ወርዳ ሄደችና ለዮርዲ «ለተቸገረ ሰው ማሰብሽ ጥሩ ነው፤ ግን እኔም እኮ ሰው ነኝ» አለቻት። ዮርዲ አፍራ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፣ አልተነሳችም ግን። የዚያን ቀን ማታ ዜና ላይ ቀረብን። መሥሪያ ቤቱም ደንቡን እያጠናሁት ነው አለ። አየሽ፣ ሠራ አይደል ወይ ብሎ መልኬ ደወለልኝ። ጥናት ማንን ያሞቃል ብዬ ዘጋሁት። ሆኖም ዜናውን ያየ አንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለጠዋት ከፈተ፤ የተወሰኑት ሰዎች እዚያ መሄድ ጀመሩ። ይህም እውነት ነው፣ አልደብቅም።

ጋሽ ሃብተ ግን እዚያ አልሄዱም። አዳራሹ ውስጥ ሻይ የሚያድሉት የመልኬ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ሐበሻው ድንገት ደግ ሆነባቸው። ፌርማታው ድረስ ብርድ ልብስና ካፖርት እየያዘ ይመጣል፣ አቅፎ ይስማቸዋል፣ አንዳንዱም አብሯቸው ፎቶ ይነሳል። ኣዲያም ቪዲዮውን ዳላስ ሆና አየችው። መልኬን ስልኩን አፈላልጋ ደውላ «አባቴን በአንተ አገኘሁት» ብላ አለቀሰችለት፣ መረቀችውም። ለአባቷ ስትደውል ግን አያነሱም። መጥታ ሦስት ቀን ፈልጋ፣ አግኝታቸው፣ ለምናቸው ብቻዋን ተመለሰች። እንዴት አባት ልጁ ቤት እያለ ብርድ ይመርጣል ብዬ ተናድጄባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ልጃቸው ቤት መኖር ሳይሆን የከበዳቸው፣ እንደዚያ ተኝተው ካየቻቸው በኋላ ዓይኗን ማየት ነው።

የመልኬ ጉዳይ ታየ። የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ አስቀድሞ ጠርቶ «ረስቼ ነው፣ ደክሞኝ ነበር በል፤ በቃ፣ ያልፋል» ብሎ ለምኖት ነበር። መልኬ ገብቶ «አልረሳሁም፣ አልደከመኝም፣ ነገም አላወርዳቸውም» አለ። ያም ሆኖ አላባረሩትም፤ ዜና ላይ የወጣ ሰው ማባረር ይከብዳል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መለሱት። አንድ ጊዜ ቢደግም ሥራው ያበቃል።

ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ኑኃሚን ደወለችልኝ። ቆጣ ያለች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልቀረም ነበር።

«ብዙዬ፣ አንቺን ይሰማሻል። እባክሽ ንገሪው።»

«መልኬ ማንን ሰምቶ ያውቃል?»

«ነገ ቢያባርሩት የማቲ ኢንሹራንስ ይቆማል። ባለፈው ወር ሁለቴ ኢመርጀንሲ ወስጄዋለሁ። አባቱ ሲታሰሩ እናቱ ምን እንዳሳለፉ ራሱ ነው የነገረኝ። እኔ እሳቸውን መሆን አልፈልግም። እሱ ጀግና ይሁን፣ እኔ ግን ደክሞኛል።»

ደወልኩለት። የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ግማሹ ስድብ ነበር። አንተ ይመዝገብልኝ ስትል ነው እኛ ሰው ማውረድ የጀመርነው አልኩት። አባትህ ቀበሌ ሄደው የተናገሩ ጊዜ ስንት ቤት እንደተበረበረ አንተው ነህ የነገርከኝ አልኩት።

«እሱን ሁልጊዜ አስባለሁ» አለኝ። «ግን ብዙዬ፣ ሁሉም ዝም ቢል ጸሎት ቤቱ መቼ ይከፈት ነበር?»

ደህና እደር ብዬ ዘጋሁት።

የተመለሰ ቀን እንደ ልማዱ ከፊቴ ነበር። መንገዱ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል፤ ፀሐይ ወጥታለች ግን ለዓይን ብቻ ነው። ምሥራቁ ጫፍ ስደርስ የመልኬ አውቶቡስ ቆሟል፣ የተቆጣጣሪው መኪና ሞተሩን እንዳስነሳ ከመንገዱ ማዶ አለ። የእኔን ተሳፋሪዎች አወረድኩ። አሁን እንግዲህ ያ ሰው ሥራውን ሊያጣ ነው ብዬ እያሰብኩ፣ ባየውም ባላየውም የሚቀየር ነገር ባይኖርም፣ በእግሬ ወደ እሱ ሄድኩ።

በሩ ክፍት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ማንም የለም። ሰዎቹ ሁሉ ከተሰበረው መስታወት ኋላ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ጋሽ ሃብተ ከፊታቸው። መልኬ ያለ ካፖርት፣ በዩኒፎርሙ ብቻ እሳቸው ፊት ቆሞ ይለምናቸዋል። በኋላ እንደሰማሁት አውቶቡሱ ገና ከመቆሙ ጋሽ ሃብተ ተነስተው፣ ወደ ኋላ ሄደው፣ የተኙትን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ቀስቅሰው፣ ሰውየው ሥራውን እንዳያጣ እንውረድ ብለው ይዘዋቸው ወርደዋል።

«ጋሽ ሃብተ፣ እባክዎ ይግቡ» ይላል መልኬ። «ማንንም አላወርድም ብያለሁ። የመጣው ይምጣ፣ እኔ ወስኛለሁ።»

«አንተ ወስነሃል» አሉት። «እኔም ወስኛለሁ። እምቢ ማለት ያንተ ብቻ ነው እንዴ?»

«ይበርድዎታል!»

«ይበርደኛል። ግን ልጅ አለህ። በአንተ ልጅ መድኃኒት አልሞቅም።»

መልኬ ወደ እኔ ዞረ፤ አንድ ነገር እንድልለት ይመስለኛል። ጋሽ ሃብተ ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌሎቹ ባይሰሙት ይሻላል እንደሚል ሰው፣ ጠየቁት።

«ልጄ፣ እስቲ ልጠይቅህ። ያን ቀን በሬዲዮው ከመናገርህ በፊት እኔን ጠይቀኸኛል?»

መልኬ ዋሽቶ አያውቅም። «አልጠየቅኩዎትም» አለ።

«ብትጠይቀኝ ተው እልህ ነበር። እውነት ነው፣ ታወርደኝ ነበር፣ ይበርደኝ ነበር። ግን ከአንተ አውቶቡስ ወርጄ የእሷ ላይ እሳፈራለሁ፣ እሷ ደግሞ ዝም ትለኝ ነበር። ሰው ሲያየኝ ወደ ሥራዬ የምሄድ ነበር የምመስለው። አሁን ሃቫና ላይ ሻይ ልጠጣ ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ ተከፍሏል ይሉኛል። ያስተኛኋቸው ልጆች ተነስተው ወንበር ይለቁልኛል፤ በፊትም ይለቁልኝ ነበር፣ ግን እንዲህ እያዩኝ አልነበረም። ልጄ ደውላ ታለቅሳለች። አባቷ ሆኜ የማናግርበት ድምፅ ጠፋብኝ፤ ስለዚህ ስልኩን አላነሳውም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ መልኬ። እንባው ጉንጩ ላይ ነበር፤ በዚያ ብርድ እንባ ያቃጥላል።

«አድርጌልሃለሁ። ክፉ አላሰብክም። ደንቡም እውነትህን ነው፣ መጥፎ ነው። ይቀየርም ይሆናል፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅመው ይሆናል። እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ የሚመጣውን ዓመት አልጠብቅም። ዛሬ የት ልሙቅ?»

መልኬ ወደ አውቶቡሱ ዞሮ አየ፤ እኔም አየሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ማሞቂያው እየሠራ ነው፣ መቀመጫዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።